ከወሎ ዘፈን ጀርባ ምን አለ? አንድ ረጅም ክር

የመነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ያላችሁ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያ፣ ቆቦ፣ ላሊበላ፣ ከሚሴ፣ ባቲ፣ በስደት ያላችሁም ጭምር። አንድ ጥያቄ አለኝ።

ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። አራቱም የዜማ ቅኝቶች ሲነሱ የወሎ ስም አብሮ ይነሳል። ባቲ ከተማ ናት፣ አምባሰል ተራራ ነው። ስለ ምን እንደሚዘፈንባቸው ሰው ስትጠይቁ ግን መልሱ አንድ ነው፤ ስለ ፍቅር። ሰርግ ላይ እንጨፍርባቸዋለን፣ መኪና ውስጥ እንከፍታቸዋለን፣ በቃ።

ሰሞኑን አንድ መድረክ ላይ የወሎ ጭፈራ ቀረበ። ልብሱ አዲስ፣ መብራቱ ደማቅ ነው። ድምፁ በስፒከር ተለቋል። አንድም የሚዘፍን ሰው የለም። ልጆቹ አንገታቸውንና ትከሻቸውን ይሰብቃሉ፣ ተመልካቹ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ጭፈራቸው ግሩም ነበር። ግን የሆነ ነገር ጎደለኝ፤ ምን እንደሆነ ልይዘው አልቻልኩም። ከእነዚህ ዘፈኖች ጀርባ ያለው ነገር ምንድን ነው? የምታውቁትን ጻፉልኝ፤ ወላጆቻችሁንም ጠይቁልኝ።

ምላሾቹ

ክሩ ረዘመ። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ላጣችሁ የተባለውን በቅደም ተከተል ላውራችሁ።

1ኛው ምላሽ ደሴ ከሚያስተምር ሰው ነው። በትሕትና ጀመረ። ፍቅር ማለታቸው አይከፋም፣ ነገር ግን በወሎ ግጥም «አንቺ» የምትባለው ሁልጊዜ ሴት አይደለችም አለ። አገር ትሆናለች፣ እናት ትሆናለች፣ የሞተ ሰውም ይሆናል። ሰሙን ከወርቁ ያልለየ ሰው ዘፈኑን ገና አልሰማም ባይ ነው። ልክ ነው፤ ግን ይህን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነዋል። የጎደለኝ እሱ አልነበረም።

2ኛው ከኮምቦልቻ፣ ክራር የሚጫወት ወጣት ነው። ይሄንን ምላሽ ደጋግሜ አነበብኩት። ግጥሙን ተዉትና ጅማቱን ስሙ ይላል። ትዝታም ባቲም ሙሉና ግማሽ የሚባል ሁለት ዓይነት አላቸው። የአምባሰል አምስት ድምፆች ከግማሽ ትዝታ አምስት ድምፆች ጋር አንድ ናቸው። የሚለያየው መነሻው ብቻ ነው። ግማሽ ትዝታን ከአራተኛው ድምፅ ብትጀምረው አምባሰል ይወጣልሃል። ሙሉ ትዝታንም ከመጨረሻው ድምፅ ብትነሳ ግማሽ ባቲን ታገኛለህ። እኔም ክራሬን ከግድግዳ አውርጄ ሞከርኩት። ግማሽ ትዝታ ቃኘሁና ማረፊያዬን አራተኛው ላይ አደረግሁ። ያው ጅማት፣ ያው ውጥረት፤ ስሜቱ ግን ሌላ ሆነ። ትዝታው ሰውን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ አምባሰሉ ወደ ላይ ይጣራል። ልጁ እንደሚለው የወሎ ሰው አንድን ሐዘን ከተለያየ ቦታ ላይ ቆሞ ማየት ያውቃል። ከዚያ የማሪቱ ለገሠን አምባሰል አነሳ። ድምጿ ከፍ ብሎ ሲወጣ እያለቀሰች ነው ወይስ እየጸለየች መለየት እንደሚያቅተው ጻፈ። እኔም ለይቼው አላውቅም።

3ኛው የክራር ጅማት የት እንደሚገኝ ጠየቀ። 4ኛው ናይለን ይሻላል አለ። ሁለቱ ስለ ዋጋ ሲነጋገሩ ቆዩና ወደ ውስጥ መልእክት ገቡ። ይቅናቸው።

5ኛው የባቲ ልጅ ነው፤ አባቱ ነጋዴ ነበሩ። ባቲ ደጋው ወደ ቆላ በሚወርድበት ገደል አፋፍ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሰኞ ሰኞ ገበያ ይቆማል። አፋሩ ግመሉን እየነዳ ከታች ይመጣል፣ ኦሮሞውና አማራው እህሉንና ከብቱን ይዞ ይገናኘዋል። በዚህ ልጅ አስተያየት የባቲ ዘፈን ናፍቆት የገበያ ናፍቆት ነው። ሰኞ ያየሃትን ልጅ እንደገና የምታያት በሚቀጥለው ሰኞ ነው። ማን እንደሆነች አታውቅም፣ ምናልባት በቋንቋም አትግባቡም። ከዚያ አንድ ነገር ጨመረ፤ ያኔ ልብ ሳልለው አለፍኩት፣ በኋላ ግን የክሩ ቁልፍ ሆነ። ሦስት ቋንቋ በሚነገርበት ገበያ የሚዘፍን ሰው አዝማቹን አጭርና ቀላል ማድረግ አለበት። አለዚያ የሚቀበለው ሰው የለም።

6ኛው ወዲያው ነገሩን ወደ ቆንጆ አዞረው። ወሎ ሲባል ቆንጆ ነው፣ ዘፈኑም የተሠራው ለቆንጆ ነው አለ። ሰዎች የልብ ምልክት ደረደሩለት።

7ኛዋ ግን አልሳቀችም። ከሐይቅ ነች። ጽሑፏ ስለታም ነበር። «የወሎ ቆንጆ» መባል ሰልችቶናል አለች። ዘፈኑ አንገቷን ይቆጥራል፣ ዓይኗን ይቆጥራል፣ ጸጉሯን ይቆጥራል፤ ሴትዮዋ ምን እንዳሰበች የሚጠይቅ የለም። አያቷ ወፍጮ ላይ ተንበርክከው ሲፈጩ ያንጎራጉሩት የነበረውን ታስታውሳለች። ስለ አማት ነበር፣ ስለ ግብር ነበር፣ ወጥቶ ስለቀረ ባል ነበር። የድንጋዩ ምት ከበሮው ነው። አያትየው አንድ ስንኝ ይሉና ዝም ይላሉ፤ ከጓዳው ምራታቸው ሌላ ስንኝ ትመልሳለች። መድረክ ላይ ሴቷን የሚያሞግሰው ዘፈን ወጣ፣ ሴቷ ራሷ ያለችው እዚያው ወፍጮው ላይ ቀረ ብላ ደመደመች።

8ኛው ይቅርታ ጠየቃት። 9ኛው ዘፈን እኮ ነው፣ ምን ያስቆጣል አለ። 10ኛዋ ለ9ኛው ቁርጥ ያለ መልስ ሰጠችው፤ ዘፈን ከሆነማ ለምን የአንድ ወገን ብቻ ሆነ የሚል ነው። እኔ ከ7ኛዋና ከ10ኛዋ ጋር ነኝ። ስለ ሴት የተዘፈነውን ሰብስበን ሴት የዘፈነችውን ከተውን የያዝነው የባህሉን ግማሽ ነው።

11ኛው ምላሽ ክሩን ወደ ሌላ ስፍራ ወሰደው። ጸሐፊው የቃሉ ወረዳ ልጅ ነው፣ መንዙማ፣ የሙስሊሙን የውዳሴ ዜማ፣ ሲሰማ ነው ያደገው። በልጅነቱ የሀድራ፣ አብሮ የሚጸለይበትና የሚወደስበት፣ ሌሊት ምን ይመስል እንደነበር በዝርዝር ጽፏል። ዕጣኑ ይጨሳል፣ ቡናው ይፈላል። ድቤው ቀስ ብሎ ይጀምራል። መንዙማ አውጪው ዓይኑን ጨፍኖ አንዷን ስንኝ ያወጣል፣ ቤቱ በሙሉ ተቀብሎ ይመልሳል። ሌሊቱ በገፋ ቁጥር ምቱ ይፈጥናል፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የነበሩት ይነሳሉ። እንደ እሱ ግምት የወሎ ዘፋኝ ጆሮ የተከፈተው በዚህ ነው። ክርስቲያኑ ጎረቤት መንዙማውን እየሰማ ተኛ፣ ሙስሊሙ ጎረቤት ማሕሌቱን እየሰማ ነቃ። ስለዚህ በአምባሰል ውስጥ የፍቅር የሚመስለው ልመና ሥሩ ዱዓ ነው ይላል።

12ኛው ተቆጣ። መንዙማ ዘፈን አይደለም፣ ኢባዳ (አምልኮ) ነው፣ ከሰርግ ጭፈራ ጋር አንድ ላይ አይጻፍም አለ። 13ኛው ባሰበት፤ 11ኛውን ሃይማኖቱን የረሳ እስከማለት ደረሰ። መድረኩ ለጥቂት ጊዜ ሞቀ። አድሚኑ ሊዘጋው ሲል የ14ኛው ምላሽ መጣ።

14ኛው በዕድሜ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ልጃቸው ነው የሚጽፍላቸው። አብሽሩ ብለው ጀመሩ። መንዙማ ኢባዳ መሆኑን 12ኛው ልክ ብሏል፣ ዘፈን ብሎ የሚጠራው ይታረም አሉ። ከዚያ ታሪኩን ነገሩን። የወሎን የእስልምና ትምህርት ማዕከላት፣ የጀማ ንጉሥን፣ የሾንኬን፣ የገታን፣ የዳናን ስም አነሱ። ሸህ ጦልሃ በአማርኛ መንዙማ ገጥመው በዐረብኛ ፊደል እንደጻፉ አስታወሱን። ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊም ሃይማኖትህን ቀይር በተባለበት ዘመን ሸሁ ተቃውመው የታገሉ ሰው ናቸው። ለምን በአማርኛ ገጠሙ? አዛውንቱ እንደመለሱት፣ ዐረብኛ የማያውቀው እረኛና ባልቴትም እንዲቀበል ነው። ተቀባይ የሌለው መንዙማ አንድ ሰው ለብቻው የሚያነበው ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል አሉ። ለ11ኛው ደግሞ እንዲህ መከሩት፤ ዘፈኑና መንዙማው አንድ ናቸው አትበል፣ ሁለቱም የሚቆሙት በተቀባይ ነው በል። 12ኛው አመሰገናቸው። 13ኛው የጻፈውን አጠፋ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የበራልኝ። መድረኩ ላይ የጎደለኝ ተቀባዩ ነው። አንድ ሰው የሚያወጣው፣ ሌላው የሚመልሰው፣ አድማጭ ብሎ ነገር የሌለበት ዘፈን። ይህንን ጻፍኩና ከዚያ በኋላ የመጣው ምላሽ ሁሉ እየተመዘዘ እዚሁ ላይ ይወድቅ ጀመር።

15ኛው ከላስታ ነው፤ የገና ዕለት ላሊበላ ላይ ስለሚዘመረው ቤዛ ኩሉ ጻፈልን። ካህናቱ ሁለት ቦታ ይቆማሉ። ግማሾቹ በቤተ ማርያም ዙሪያ ካለው የአለቱ አፋፍ ላይ ከፍ ብለው፣ ግማሾቹ ከታች ከግቢው። የላዮቹ የመላእክት፣ የታቾቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ከላይ ሲወረብ ከታች ይመለሳል። ጸናጽሉ፣ ከበሮው፣ መቋሚያው አንድ ላይ ሲነሳ አለቱ ራሱ ያስተጋባል። ጸሐፊው ልጅ ሆኖ ከታች ቆሞ ድምፁን ከላይ እንደጠበቀው ነግሮናል። በፎቶ የምናውቀው ነጭ ልብስና ጥንግ ድርብ ነው። ፎቶው የማይነግረን ግን ከላይ ያለው ድምፅ ከታች ካልተመለሰለት ሥርዓቱ እንደማይሞላ ነው።

16ኛዋ የቆቦ ልጅ ስለ ልጃገረዶች በዓል፣ ስለ ሶለል ጻፈች። የፍልሰታ ጾም ተፈትቶ ነሐሴ 16 ሲሆን ልጃገረዶቹ ለምለሙን ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው ይወጣሉ። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ በየቤቱ። ዋግ ላይ ሻደይ፣ ላስታ ላይ አሸንድዬ ይሉታል። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። የምታወጣዋ ትለዋወጣለች። በሷ አገር ድምፅ ያላት ብቻ አይደለችም የምታወጣው፤ ዓይን አፋሯም አንድ ስንኝ እንድታወጣ ጓደኞቿ ይገፏታል። ዓመቱን ሙሉ ታላቆቿ ፊት አንገቷን ደፍታ የምትሄድ ልጅ በዚያ ሳምንት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የሰፈሩን ሰው ታሞግሳለች፣ ስስታሙን ደግሞ ትነካዋለች። ይህቺን ምላሽ ወደድኳት። የሶለልን ትርጉም ከግጥሙ ብቻ ብንፈልገው ልጅቷ ስትገፋ፣ ስታፍር፣ ከዚያ ስታወጣ የሆነው ሁሉ ያመልጠናል።

17ኛውና 18ኛው በዓሉ የማን ነው ወደሚለው ክርክር ገቡ። ቆቦ ያለችበት ራያ ወሎ ነው አይደለም የሚለውም ተነሳ። መራራ ቃል ተለዋወጡ። እዚህ አልደግመውም።

19ኛው ስለ ላሊበሎች ነው። ጎህ ሳይቀድ በር ላይ የሚመጡትን ማለቴ ነው፤ ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት ናቸው። መሣሪያ አይዙም። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። የቤቱን ሰዎች ስም አስቀድመው ከጎረቤት ጠይቀው ግጥሙ ውስጥ ያስገቡታል። ከሰጠሃቸው ይመርቁሃል፣ ከዘገየህ ነገር ጣል ያደርጉብሃል። ይህን ካልሠሩ የሥጋ ደዌ ይወርድብናል ብለው እንደሚያምኑ በሰፊው ይነገራል። ጸሐፊው አንድ ትዝታ አካፈለን። አባቱ በተኙበት ስማቸው ከበር ውጭ በዜማ ሲጠራ ሰሙ። ያን ሰሞን ሥራ አጥተው አዝነው ነበር። ተነስተው ገንዘብ ከሰጡ በኋላ ቁጭ ብለው አለቀሱ። የማያውቃቸው ሰው በሌሊት በስማቸው መርቋቸዋልና።

20ኛው አዝማሪ ቤትን አነሳ። እዚያማ ነገሩ ይገለበጣል። ጠጪው «ተቀበል» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፣ አዝማሪው በማሲንቆው ተቀብሎ ያዜመዋል። ሰውዬው በራሱ አንደበት ለባለሥልጣን፣ ለጎረቤት፣ ለተጣላት ሚስቱ ሊናገር የማይደፍረውን በአዝማሪው አፍ ያናግረዋል። ግጥሙ የማን ነው ብትሉ መልስ የለውም። የሁለቱም ነው።

21ኛው አምባሰል ከተባለ ስለ ውጫሌ ውልም እናውራ ብሎ ረጅም ታሪክ ጻፈ። ውጫሌ እዚያው አምባሰል መሆኗ እውነት ነው፤ ስለ አንቀጽ 17 ግን ሌላ ክር ይከፈትለት። 22ኛው ስለ ግሸን ማርያም መንገድ ጠየቀ፤ ለመስከረም 21 ሊሄድ አስቧል። የሄዱ ሰዎች በደንብ መለሱለት።

23ኛው ምላሽ ከውጭ አገር ነው የመጣው። የ1977ን ረሃብ አነሳ። በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ የነበረችው ኮረም በቢቢሲ ለዓለም ታየች። በኅዳር የእንግሊዝና የአየርላንድ ዘፋኞች ተሰብስበው ለእርዳታው ዘፈን ቀረጹ፤ ሐምሌ 6 ደግሞ ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ ታላቁ ኮንሰርት ተካሄደ። እርዳታው ሕይወት አድኗል፣ ጸሐፊው ይህን አይክድም። የሚያመው የዘፈኑ ጥያቄ ነው። ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ስለ ወሎ! ላሊበላ ያለችበትን አገር! 15ኛውን ምላሽ ካነበበ በኋላ ሌሊቱን እንቅልፍ እንዳጣ ጻፈ። ስለኛ የተዘፈነው ዘፈን በዓለም ሁሉ ሲሰማ እኛ የምንቀበልበት ቦታ አልነበረውም አለ። ይህ አነጋገር ልቤ ውስጥ ቀርቷል።

24ኛው ደስ አላለውም። ወሎ በተነሳ ቁጥር ረሃብ ለምን ይነሳል፣ በቃን አለ። ቁጣው ይገባኛል። 25ኛዋ፣ አንዲት እናት፣ ስትመልስለት ልጄ እያለች ነው። አንደብቀው አለችው። በዚያ ዘመን ከሁሉ የከበዳት ሞቱ ብቻ እንዳልነበረ ጻፈች። ደጉ ጊዜ ላይ ሰው ሲሞት አልቃሿ ሙሾ ታወርዳለች፣ ለቀስተኛው ይቀበላል፣ የሟቹ ደግነት በስሙ ይወሳል። በዚያ ዓመት የሚቀበል ጉልበት ጠፋ። ያለ ሙሾ የተቀበሩትን እስካሁን በስማቸው ታስታውሳቸዋለች። ከዚህ ምላሽ በኋላ ለረጅም ሰዓት ማንም አልጻፈም።

26ኛው ጨፋሪ ነው፤ መድረክ ላይ ይሠራል። እንደ መወቀስ ስለተሰማው ጽፏል። የነገረንን ልብ በሉልኝ። አዘጋጆቹ የሚሰጧቸው ጊዜ አንድ ዘፈን ለመጨረስ እንኳ አይበቃም። ማሲንቆና ከበሮ የሚመታ ሰው ለመቅጠር ገንዘብ የለም ይባላሉ። ድምፁ በፍላሽ ይመጣል፣ እነሱ ይጨፍሩበታል። ልምምድ ላይ ግን ይዘፍናሉ። ከበሮ ይመታሉ፣ እየተቀባበሉ ይሳሳቃሉ። ያንን የሚያየው የለም። እሱ ራሱ የሚወደው ጭፈራ የልምምዱ ነው። ወቀሳዬ ጨፋሪዎቹን እንዳልሆነ ጻፍኩለት። ትርኢቱን የሚያዘጋጁት ሰዎች አምስት ተቀባይ ቆሞ እንዲዘፍን ካልፈቀዱ የወሎን ልብስ ነው ያቀረቡት፣ የወሎን ዘፈን አላቀረቡም። ይህን ስል ቅር የሚለው ካለ ይበለው።

27ኛው የ2ኛው ክራር ተጫዋች ነው፣ ተመልሶ መጣ። ለ7ኛዋ ጥያቄ አለው። የአያቷን የወፍጮ ስንኞች ታስታውሳቸው እንደሆነ፣ ምራቲቱም በሕይወት ካለች እንድትጠይቅለት። ምራቲቱ እናቷ እንደሆነች በ28ኛው ምላሽ ነገረችን፤ ሐይቅ ናቸው፣ ደህና ናቸው። 29ኛዋ፣ የቆቦዋ ልጅ፣ አብሬያችሁ ልሂድ አለች።

እኔም እሄዳለሁ። ስልካችሁ ላይ የእናቶቻችሁን ወይም የአያቶቻችሁን ድምፅ ለመቅዳት ያሰባችሁ አንድ ነገር አደራ። ብቻቸውን አስቀምጣችሁ ዝፈኑልን አትበሏቸው። እህታቸውን፣ ጎረቤታቸውን፣ የቀድሞ የሰፈር ጓደኛቸውን ጥሩላቸው። የተቀባዩም ድምፅ ይቀዳ፤ ስሙም አብሮ ይጻፍ። የቀዳችሁትን 30ኛ ብላችሁ እዚሁ ክር ላይ ጫኑት።